ዳማናካ ለምን አልተቀጣም? ልጄ ስለ ሕንድ የእንስሳት ተረት የጠየቀችኝ ጥያቄ

የማለዳ ጤዛ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ትናንት ማታ የዘጠኝ ዓመት ልጄ አንድ ነገር ጠይቃኝ መልስ አጣሁላትና ሌሊቱን ሳብሰለስለው አደርኩ። ከእኔ የተሻለ የምታውቁ ስላላችሁ ወደዚህ አመጣሁት።

ከመኝታ በፊት ፓንቻታንትራ የሚባለውን የጥንት የሕንድ መጽሐፍ ተረቶች መንገር ከጀመርኩላት ሁለት ሳምንት ሆኖናል። መጽሐፉ በእጄ ያለው በእንግሊዝኛ ነው፤ እያየሁ በአማርኛ እነግራታለሁ። የመጀመሪያው ክፍል ዋና ታሪክ እንዲህ ነው። ቫርዳማናካ የሚባል ነጋዴ ጋሪውን በበሬዎች አስጎትቶ ወደ ማቱራ ከተማ ሲጓዝ፣ ያሙና ወንዝ ዳር ሳንጂቫካ የተባለው በሬው ጭቃ ውስጥ ገብቶ እግሩ ይሰበራል። ነጋዴው ጥቂት ቀን ጠበቀው። ኋላ ግን ለጓዙ ሰግቶ፣ በሬውን የሚጠብቁ ሰዎች ትቶ ጉዞውን ቀጠለ። ጠባቂዎቹ ጫካው አስፈራቸውና በማግስቱ ጥለውት ሄዱ፤ ጌታቸውንም ደርሰውበት «በሬው ሞተ» ብለው ዋሹት። በሬው ግን አልሞተም። ለምለም ሣር እየጋጠ ዳነ፣ ወፈረ፣ ጉልበቱ ሲመለስለትም ወንዙ ዳር ቆሞ ማጓራት ጀመረ።

ድምፁን የሰማው ውኃ ሊጠጣ የወረደው ንጉሥ አንበሳ ፒንጋላካ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ ስለማያውቅ ውኃውን ሳይጠጣ ተመለሰ። አባቶቻቸው ሹም የነበሩ፣ እነሱ ግን ከሹመት የራቁ ሁለት ቀበሮዎች፣ ካራታካና ዳማናካ፣ ፍርሃቱን አዩበት። ዳማናካ በዚህ ፍርሃት በኩል ወደ ንጉሡ መግቢያ አገኘ፤ በሬውን አምጥቶ ከአንበሳው ጋር አስተዋወቀ። ሁለቱ ከልብ ተዋደዱ። እንዲያውም አንበሳው አደኑን እየተወ ከበሬው ጋር ሲጨዋወት ይውል ጀመር፤ ትርፍራፊ የለመዱት ቀበሮዎች ተራቡ። ያን ጊዜ ዳማናካ ለአንበሳው «በሬው ሊገድልህ አስቧል»፣ ለበሬውም «አንበሳው ሊበላህ ነው» እያለ አባላቸው። ተጋጠሙ፤ በሬው ሞተ። አንበሳው ወዳጁ ሬሳ አጠገብ ቆሞ ሲያዝን፣ ዳማናካ ቀርቦ ንጉሥ እንዲህ ማዘን እንደማይገባው ነግሮ አጽናናው። ሹመቱም ጸናለት። አለቀ።

ልጄ ብርድ ልብሱን ገልጣ ተቀመጠች። «ከዚያስ?» አለችኝ። «ከዚያማ አለቀ» አልኳት። «ዳማናካ ሳይቀጣ?» ዝም አልኩ። «ታዲያ ምን ልንማርበት ነው?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እባካችሁ ንገሩኝ፤ ምን ልበላት?

የመጽሐፍ ወዳጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:55

እህቴ፣ ከልጅሽ በፊት ይህንኑ የጠየቀ ሰው ነበረ። ጠይቆም አልቀረ፤ መልሱን ራሱ ጽፎ መጽሐፉ ውስጥ ጨመረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን የፋርስ ንጉሥ ኾስሮው አኑሺርቫን በነገሠበት ዘመን፣ ቡርዞይ የተባለ ሐኪም ይህን የሕንድ መጽሐፍ በጊዜው ወደነበረው የፋርስ ቋንቋ መለሰው። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ750 አካባቢ፣ ኢብን አል ሙቀፋዕ የተባለ ትውልደ ፋርስ ጸሐፊ ከዚያ ወደ ዓረብኛ አመጣው። ካራታካ «ካሊላ»፣ ዳማናካ «ዲምና» ተባሉ፤ መጽሐፉም በስማቸው «ካሊላና ዲምና» ተብሎ በዓለም ዞረ።

መጽሐፉ መጀመሪያ በተጻፈበት በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት፣ ታሪኩ የሚያበቃው አንቺ በነገርሻት ቦታ ነው። በዓረብኛው ግን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይቀጥላል፤ የዲምና ችሎት። ሁለቱ ቀበሮዎች ስለ ተንኮሉ ሲነጋገሩ ነብር ይሰማቸዋል፤ ወሬው ለአንበሳው እናት ይደርሳል፤ ዲምና ይከሰሳል። ምላሱ እንደ ምላጭ ነውና ከሳሾቹን አንድ በአንድ አፍ ያስይዛል። በመጨረሻ ግን ምስክር ይቆምበትና ይፈረድበታል። ይህን ምዕራፍ የጨመረው ራሱ ኢብን አል ሙቀፋዕ እንደሆነ ነው አብዛኞቹ ሊቃውንት የሚያምኑት። ስለዚህ ልጅሽን «ልክ እንዳንቺ የከፋው ሰው ነበረ» በያት።

ለቀበሮው ችሎት ያቆመው ይህ ጸሐፊ፣ ገና በጎልማሳነቱ፣ በባስራ ገዥ እጅ በጭካኔ ተገድሏል። ያን የችሎት ምዕራፍ ባነበብኩ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

የቆላው ሰው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:30

እኔ ግን በግልጽ ልናገር። ተንኮለኛ አሸንፎ የሚያበቃ ተረት ለልጅ አይነገርም። እንጨት የሚቃናው በእርጥብነቱ ነው። ልጅ ገና ክፉና ደጉን በሚለይበት ዕድሜ «ነገር የሚያመላልስ ሹመት ያገኛል» ብለን አስተኝተን፣ ጠዋት ደግሞ «እውነት ተናገር» ብንለው ማንን ይመን? ሳይቀጣ የሚኖር ዳማናካ በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል፤ ልጄ እሱን ለማወቅ ጊዜ አያጣም። ቢያንስ በተረት ዓለም ፍትሕ ይይ። እህቴ፣ የዓረብኛውን መጨረሻ ንገሪያት፤ የሳንስክሪቱን ተዪው።

ከባንጋሎር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:05

እዚህ ሕንድ አገር ለትምህርት ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ይህን ጥያቄ ለአከራዬ እናት አንስቼላቸው ያውቃል፤ እሳቸው እነዚህን ተረቶች ከአያታቸው የሰሙ ሴት ናቸው። የነገሩኝን ከመጽሐፉ ጋር አስተያይቼ የደረስኩበት ይህ ነው።

መጽሐፉ ለማን እንደተጻፈ መግቢያው ላይ ተቀምጧል። አማራሻክቲ የሚባል ንጉሥ መማር የማይወዱ ሦስት ልጆች ነበሩት። ሊቃውንቱ «ሰዋስው ብቻውን አሥራ ሁለት ዓመት ይፈጃል» ሲሉት፣ ቪሽኑ ሻርማ የሚባል ሽማግሌ ተነሥቶ «በስድስት ወር ብልህ አደርጋቸዋለሁ» አለ። ገንዘብም አልቀበልም አለ። አምስቱን ክፍሎች ያዘጋጀው ለእነዚህ ልጆች ነው። የሚያስተምራቸውም «ኒቲ» የሚባለውን ነገር ነው። ኒቲ በአማርኛ አንድ ቃል አላገኘሁለትም፤ በሰው መካከል ሳይታለሉና ሳይወድቁ የመኖር፣ ወዳጅን ከጠላት የመለየት፣ የመምራትም ብልሃት ነው። ግብረ ገብ ከምንለው ጋር ይነካካል እንጂ አንድ አይደለም።

እንግዲህ ተመልከቱ፤ ሰሚዎቹ ነገ ንጉሥ የሚሆኑ ልጆች ናቸው። ታሪኩን የሚሰሙት በበሬው ቦታ ሆነው አይደለም፣ በቀበሮውም ቦታ አይደለም፤ በአንበሳው ቦታ ሆነው ነው። ዳማናካ አልተቀጣም፣ እውነት ነው። አንበሳው ግን ተቀጥቷል። ከልቡ የሚወደውን አንድ ወዳጅ በገዛ ጥፍሩ ገደለ፤ ከዚያ በኋላም ዕድሜውን ሁሉ ከዳማናካ ጋር ሊኖር ነው። ጠይቆ ቢሆን፣ በሬውን ፊት ለፊት አንድ ቃል ተናግሮት ቢሆን ይተርፍ ነበር። ዳማናካ ቢቀጣ ልጁ «እሰይ» ብሎ ይተኛል። ባለመቀጣቱ ነው ልጅሽ ብርድ ልብሱን ገልጣ የተቀመጠችው።

የዝንጀሮውንና የአዞውን ተረት ነግረሻታል? ካልነገርሻት ቀጥዪ። ዝንጀሮው ወንዝ ዳር ዛፍ ላይ ተቀምጦ ፍሬ ለአዞው ይወረውርለታል። የአዞው ሚስት «ይህን ጣፋጭ ፍሬ ሲበላ የኖረ ዝንጀሮ ልቡ እንዴት ይጥም ይሆን» ብላ ልቡን አምጣልኝ ትላለች። አዞው ዝንጀሮውን በጀርባው አዝሎ ወንዙ መካከል ሲደርስ እውነቱን ይነግረዋል፤ ዝንጀሮውም «ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ! ልቤን እኮ ዛፉ ላይ ትቼው መጣሁ» ብሎ አስመልሶት ዛፉ ላይ ይወጣል። ያ ፍሬ እዚህ አገር ጃሙን የሚባለው ነው። በክረምት መግቢያ በየመንገዱ ዳር በጋሪ ላይ ይሸጣል፤ ጨው ነስንሰው ይሰጡሃል፤ ምላስን ወይን ጠጅ ያደርጋል። መጀመሪያ ስቀምሰው አገሬ ያለሁ መሰለኝ፤ የእኛ ዶቅማ የቅርብ ዘመድ ነው።

አናጺው
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:15

ስለ ችሎቱም ስለ ኒቲውም የምጨምረው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ። ካራታካ መጀመሪያ ላይ ዳማናካን ከቤተ መንግሥት ነገር እንዲርቅ ሲመክረው የሚነግረው የዝንጀሮና የሽብልቅ ተረት አለ። አናጺዎች ግንድ እስከ ግማሹ ሰንጥቀው፣ ስንጥቁ እንዳይገጥም ሽብልቅ አስገብተው ለምሳ ይሄዳሉ። ዝንጀሮ መጥቶ ግንዱ ላይ ተፈናጥጦ ሽብልቁን ይነቅላል። ግንዱ ይገጥማል፤ ዝንጀሮው ይሞታል። በልጆች መጽሐፍ ጅራቱ ነው የተያዘው ይላሉ፤ በጥንቱ ግን ከጅራት የባሰ ነው።

ይህን የጻፈ ሰው ግንድ ሲሰነጠቅ ቆሞ ያየ ሰው ነው። እኔ በአባቴ እጅ ሥር ስሠራ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሽብልቁን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚነክስ አውቀዋለሁ። ሽብልቁ ሲላቀቅ የሚሰማው ድምፅ እንደ በር መዘጋት ነው። አባቴ ከሁሉ በፊት ያስተማረኝ መጥረቢያ አያያዝ ሳይሆን፣ በስንጥቅ ውስጥ ጣት አለማስገባት ነው።

መምህርት
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:40

የቆላው ሰው፣ ስጋትዎ ይገባኛል፤ ለብዙ ዓመታት እኔም እንደ እርስዎ ነበርኩ። አራተኛ ክፍል ሳስተምር ተረት ነግሬ ስጨርስ «ከዚህ ምን እንማራለን?» ሳልል ደወል አይደወልም ነበር። ልጆቹም ያውቁታል፤ ገና ሳልጠይቅ «መዋሸት ጥሩ አይደለም!» ብለው በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። ተረቱ ላይ ግን ልባቸው አልነበረም።

አንድ ቀን ከፓንቻታንትራ አምስተኛ ክፍል የሙጭልጭላዋን ታሪክ ነገርኳቸው። አንዲት እናት ልጇንና ሙጭልጭላዋን አንድ ላይ አሳደገች። እንደ ልጇ ብትወዳትም አውሬ ናትና ሙሉ በሙሉ አታምናትም። ሕፃኑን አስተኝታ እንስራዋን ይዛ ውኃ ወረደች። ጥቁር እባብ ወደ ሕፃኑ ሲሳብ ሙጭልጭላዋ ተናንቃ ቆራረጠችው። እናቲቱ ስትመለስ በደስታ ሮጣ በር ላይ ተቀበለቻት፤ አፏ በደም ተነክሯል። እናቲቱ «ልጄን በላችው» ብላ ውኃ የሞላውን እንስራ በላይዋ ላይ ለቀቀችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች።

እዚያ ላይ አቆምኩ። ከመምህራን ስብሰባ ስለዘገየሁ «ምን እንማራለን»ን ሳልጠይቅ ወጣሁ። ክፍሉ ጸጥ እንዳለ ነበር። በማግስቱ ጠዋት፣ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጥ አፉን የማይከፍት ልጅ በር ላይ ጠብቆኝ «መምህርት፣ ሰውየው ከሥራ ሲመለስ ሴትየዋ ምን ብላ ነገረችው?» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያንን ሲያስብ ነበር ያደረው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዋን ተውኳት።

የመጽሐፉ ክፍል ራሱ ስሙ «ሳይመረምሩ የሠሩት ሥራ» እንደማለት ነው። ታሪኩ በየአገሩ ዞሯል፤ በአንዳንዱ ቅጂ ገዳዩ አባትየው ነው፤ በዌልስ አገር ሙጭልጭላዋ ውሻ፣ እባቡ ተኩላ ሆኖ ይነገራል። የትም ይነገር፣ መጨረሻውን ያሳመረው ሰው አላየሁም። ሙጭልጭላዋን ማንም አላስነሣትም።

አባባ ጡረተኛ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:10

ልጆቼ፣ እናንተ ይህን ከመጽሐፍ አገኛችሁት፤ እኔ ከሰው አፍ ነው የሰማሁት። በጃንሆይ ዘመን ከኬረላ የመጡ ሕንዳውያን መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ነበሩ፤ በእኔ ዘመን የተማረ ሁሉ አንድ አያጣም። የእኛው የሒሳብ መምህር ነበሩ። ነጭ ሸሚዛቸው ላይ የጠመኔ ብናኝ አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። ፈተና ሊደርስ ሲል መጽሐፉን ይዘጉና ተረት ይነግሩን ነበር።

ያልረሳሁት የሳቢሳውንና የሸርጣኑን ነው። ያረጀ ሳቢሳ ዓሣ ማጥመድ አቅቶት ኩሬው ዳር ቆሞ ያለቅሳል። ዓሦቹ ለምን ታለቅሳለህ ሲሉት «ድርቅ ሊመጣ ነው፤ ኩሬው ሊደርቅ ነው፤ አዘንኩላችሁ» አላቸው። አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሐይቅ አደርሳችኋለሁ ብሎ እየወሰደ ድንጋይ ላይ በላቸው። ሸርጣኑ ተራው ደርሶ ሲወሰድ ከላይ ሆኖ የዓሣ አጥንት ክምር አየ። ነገሩ ገባው፤ የሳቢሳውን አንገት በመቆንጠጫው ይዞ ቆረጠው።

መምህራችን ይህን ሲነግሩን እንግሊዝኛው ሲያጥረን በእጃቸው ያሳዩን ነበር፤ አንገት አስረዝመው፣ ትከሻቸውን ሰብስበው እንደ ሳቢሳ ያዝናሉ። ከዚያ በኋላ በሕይወቴ አዝኖልኝ የመጣ ሰው ሁሉ ላይ መጀመሪያ የማየው እግሩ ሥር አጥንት እንዳለ ነው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር።

ሰገነት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:45

አባባ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። እንዲህ ሲነገር ደስ ይላል። እኔ ግን እስካሁን ማንም ያላነሣውን ላንሣ፤ እነዚህን ተረቶች እወዳቸዋለሁ፤ ስለምወዳቸውም ዝም አልልም።

የሰማያዊውን ቀበሮ ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የከተማ ውሾች ሲያሳድዱት የጨርቅ ማቅለሚያ ገንዳ ውስጥ ይወድቅና ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። የጫካው እንስሳት እንዲህ ያለ ፍጡር አይተው ስለማያውቁ ያነግሡታል። እሱም የገዛ ወገኖቹን ቀበሮዎችን ያባርራል። አንድ ምሽት ከሩቅ ቀበሮዎች ሲጮሁ ሰማ፤ ጠጉሩ ቆመ፤ ሳያስበው አብሮ ጮኸ። ታወቀና ተገደለ። ሌላም አለ። አንድ ባሕታዊ አይጥን ወደ ልጃገረድ ለውጦ ያሳድጋታል። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ለፀሐይ ሊድራት ቢል አልፈልግም አለች፤ ደመናንም፣ ነፋስንም፣ ተራራንም አልፈልግም አለች። አይጥ ሲቀርብላት ግን ደስ አላት፤ መልሶ አይጥ አደረጋትና ተዳሩ።

እነዚህ ተረቶች የሚሉት «የተወለድክበትን አትለቅም» ነው። ሰው በትውልዱ ደረጃ በሚሰጠው ኅብረተሰብ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የታችኛው ሰው ከፍ ሲል «ቀለም ነው፤ ሲዘንብ ይለቃል» ማለት ነው። ሴቶችንም ብዙ ጊዜ በክፉ ነው የሚያነሣቸው፤ የአዞውን ሚስት ማየት ይበቃል። ለእህቶቼ ልጆች ሰማያዊውን ቀበሮ ስነግር እንዲህ ብዬ እጠይቃለሁ፤ «ወገኖቹን ባያባርራቸው ኖሮ፣ ሲጮህ ማን ይደርስለት ነበር?» ልጆቹ ታሪኩን ከዚያ አንሥተው ሌላ መንገድ ይወስዱታል። ተረቱ ሺህ ዓመት ሲለወጥ የመጣ ነው፤ እኛስ ለምን አንለውጠውም?

ዋርካ ሥር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ፓንቻታንትራ ብቻ ነው። የቆላው ሰው የሚፈልገው ዓይነት ተረት ሕንድ ውስጥ ሞልቷል፤ ጃታካ ይባላል። ፓሊ በሚባል የጥንት የሕንድ ቋንቋ የተሰበሰቡት 547 ናቸው። ቡድሃ ቡድሃ ሆኖ ከመወለዱ በፊት በኖራቸው ሕይወቶች፣ አንዴ ሰው፣ አንዴ ዝሆን፣ አንዴ ዝንጀሮ፣ አንዴ አጋዘን ሆኖ ያደረገውን ይተርካሉ። ከፓንቻታንትራ ጋር የሚጋሯቸው ተረቶችም አሉ፤ ዝንጀሮውና አዞው፣ ሳቢሳውና ሸርጣኑ በሁለቱም ይገኛሉ።

እኔ የምወደው የዋርካውን አጋዘን ነው። የቤናሬስ ንጉሥ በግቢው ሁለት መንጋ አጋዘን ነበረው፤ እያንዳንዱ የራሱ አለቃ አለው። ንጉሡ ሲያድን ብዙው በድንጋጤ እንዳይጎዳ፣ አለቆቹ ተስማምተው በየቀኑ ዕጣ የወጣበት አንድ አጋዘን ራሱ ሄዶ አንገቱን ግንዱ ላይ እንዲያጋድም አደረጉ። አንድ ቀን ዕጣው ለአንዲት እርጉዝ ወጣባት። «እስክወልድ ይለፈኝ፤ ከዚያ ሁለት ሆነን ተራችንን እንወስዳለን» ብላ አለቃዋን ለመነች፤ አለቃዋ እምቢ አላት። ወደ ሌላው መንጋ አለቃ ሄደች። እሱም «ሂጂ፣ ተራሽ ያልፍሻል» ብሎ፣ በእሷ ፈንታ ሌላ አጋዘን አልላከም፤ ራሱ ሄዶ አንገቱን ግንዱ ላይ አሳረፈ። ወጥ ሠሪው ቢላዋውን ይዞ ቆመና አለቃውን ሲያይ ወደ ንጉሡ ሮጠ። ንጉሡ መጥቶ ምክንያቱን ሰምቶ እሱንም እሷንም ማረ። አጋዘኑ ግን አልተነሣም። «የቀሩትስ?» አለ። ንጉሡ አጋዘኖቹን ሁሉ ማረ። «ሌሎቹ አራት እግር ያላቸውስ?» ማረ። «አዕዋፍስ? ዓሦችስ?» ሁሉንም እስኪምር አንገቱን አላነሣም።

እነዚህ ተረቶች በድንጋይ ላይ ሳይቀር ተቀርጸዋል። ከዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ የተሠራው፣ ባርሁት በሚባል የሕንድ ቦታ ያለ የቡድሃ መሳለሚያ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀርጸው፣ የተረቱ ስም አብሮ ተጽፎባቸዋል። አብዛኛው ክፍል ዛሬ በኮልካታ ሙዚየም ይገኛል። የዝንጀሮዎች ንጉሥ ወገኖቹን ለማሻገር ገላውን ድልድይ አድርጎ የሚታይበት ቅርጽ ደግሞ ሳንቺ በሚባለው ሌላ የቡድሃ መሳለሚያ በር ላይ አለ። ማንበብ የማይችል ተሳላሚ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ በጣቱ እያሳየ ሲተርክለት ይታየኛል።

ብራና
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:00

አንድ ነገር ልጨምር፤ የሕንድ ተረት አገራችን የገባው በመምህራኑ ጊዜ አይደለም። ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከመሆን የደረሱት አባ ዕንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ.፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ «በረላም ወይዋሰፍ»ን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ተርጉመዋል። የክርስቲያን መጽሐፍ ነው፤ መነሻው ግን የቡድሃ ሕይወት ታሪክ ነው። ይዋሰፍ የሚለው ስም ራሱ «ቦዲሳትቫ»፣ ገና ቡድሃ የሚሆን፣ ከሚለው የሕንድ ቃል በብዙ ቋንቋ እየተለወጠ የመጣ ነው። ንጉሡ ልጁ ሞትና ሕመም እንዳያይ በቤተ መንግሥት ይዘጋበታል፤ ልጁ ግን ያያል፤ መናኝ ይሆናል።

ልጁን የሚያስተምረው መናኝ በረላም ከሚነግረው ምሳሌዎች አንዱ፣ ከአውሬ ሲሸሽ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀው ሰው ነው። በመካከል ዛፍ ይዞ ተንጠልጥሏል። ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቷል። ነጭና ጥቁር አይጥ፣ ቀንና ሌሊት ማለት ናቸው፣ የዛፉን ሥር ይቆረጥማሉ። እሱ ግን ከቅርንጫፉ የሚንጠባጠበውን ማር ይልሳል። ይህ ምሳሌ በሕንዶች ታላቅ የጥንት የግጥም ታሪክ በማሃባራታ ውስጥም አለ፤ በ«ካሊላና ዲምና» መግቢያም ሐኪሙ ቡርዞይ ስለ ራሱ ሕይወት ሲናገር ይጠቅሰዋል። ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም፣ አይሁዱም፣ ሂንዱውም ያችን የማር ጠብታ የየራሱ አድርጎ ቀምሷታል።

የቆላው ሰው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:20

ሁሉንም አነበብኩ። መምህርት፣ ሙጭልጭላዋን ዛሬ ለልጄ ነገርኩት። ሰባት ዓመቱ ነው። ምንም አልጠየቅሁትም። ዝም ብሎ ቆይቶ ውሻችንን ሊያይ ወጣ። በጨለማ ብቻውን ወደ ግቢ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

በዳማናካ ነገር አሁንም አልተስማማሁም። ከባንጋሎር የጻፍከው ወንድሜ ስለ አንበሳው ያልከው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። እኔም መሥሪያ ቤት ውስጥ በሰው ወሬ አንድ ወዳጄን ሳልጠይቀው የራቅሁበት ጊዜ አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ወሬውን ያመጣልኝን ሰው ሳብጠለጥል ኖሬያለሁ፤ አለመጠየቄን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እዚህ ነው የተናገርኩት።

የማለዳ ጤዛ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባባ፣ እርስዎንም በተለይ። ሳቢሳውን እንደ መምህርዎ አንገቴን አስረዝሜ ነገርኳት፤ በጣም ሳቀች።

ማክሰኞ ማታ የዓረብኛውን ችሎት ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝና «ጥሩ» ብላ ተኛች። ይኸው ነው፤ ከባንጋሎር ያልከው ደረሰ። ረቡዕ ደግሞ ሁለተኛውን ክፍል ጀመርን። እርግቦቹ በወጥመድ መረብ ተይዘው ንጉሣቸው ቺትራግሪቫ «በአንድነት ተነሡ» ብሏቸው መረቡን ይዘው ሲበሩ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» ብላ ቀደመችኝ። አይጡ ወዳጁ የንጉሡን እስራት መጀመሪያ ሊቆርጥ ሲል ንጉሡ «መጀመሪያ የእነሱን» ማለቱን ስትሰማ፣ እንድደግምላት አደረገችኝ።

ዳማናካን የረሳችው መስሎኝ ነበር። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከደብተሯ የቀደደችውን ወረቀት ሰጠችኝ። ለዳማናካም ለአንበሳውም የተጻፈ አይደለም። እኔ ከነገርኳት ሰዎች ሁሉ ፈጽሞ ለረሳሁት ሰው ነው። ፊደሏን አስተካክዬ እንዳለ ልጻፍላችሁ፤

«ለነጋዴው ለቫርዳማናካ። እንደምን ነህ። ጠባቂዎቹ ሞተ ያሉህ ውሸት ነው። በሬህ እግሩ ድኖ ነበር። ሣር ይበላ ነበር። ጓደኛም አግኝቶ ነበር። አንተ ብትመለስ ኖሮ በወንዙ ዳር ታገኘው ነበር። አሁን ግን ሞቷል። እንድታውቅ ብዬ ነው።»

ከታች የበሬ ሥዕል አለ። አንዱ እግር ላይ ፋሻ ታስሯል።